ጊዜ የቆለፋቸው ክብረ ወሰኖች

በዋሽንግተን ዲሲ ዩ ስትሪት ከ9ኛው ጎዳና ጋር የሚገናኝበትን ሰፈር የማያውቅ የከተማዋ ኢትዮጵያዊ ነዋሪ ጥቂት ነው። እንጀራውም፣ ቡናውም፣ የአገር ቤት ወሬውም እዚያ ይገኛል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጆርጂያ ጎዳና የሚያቀና ሰው ጥቂት ደቂቃ በእግሩ እንደተጓዘ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ሆስፒታል ያገኛል። ሊታከም ወይም ታማሚ ሊጠይቅ የሚገባ ሰው ልብ አይለው ይሆናል እንጂ የሚረግጠው መሬት በአሜሪካ የስፖርት ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም አለው። ሆስፒታሉ በ1975 ከመከፈቱ በፊት፣ በ1965 እስኪፈርስ ድረስ፣ በዚያ ቦታ ላይ ግሪፊዝ የሚባል የቤዝቦል ስታዲየም ቆሞ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዋሽንግተን ክለብ ወርዋሪ የነበረው ዋልተር ጆንሰን አብዛኛውን የጨዋታ ዘመኑን ያሳለፈው በዚያ ሜዳ ነው። በሕይወት ዘመኑ 110 ጨዋታዎችን፣ ተጋጣሚው አንድ ነጥብ እንኳ ሳያገባበት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወርውሮ ጨርሷል። የኒውዮርክ ያንኪሱ ጆ ዲማጂዮ በ1941 ዓለም ያወራለትን ተከታታይ የመምታት ጉዞውን ሲጓዝ አንዱን ትልቅ ምዕራፍ የተሻገረው በዚያው ሜዳ ነው። ከነጮች ሊግ ተከልክሎ የኖረው ጆሽ ጊብሰንም ለሆምስቴድ ግሬይስ እየተሰለፈ ኳስ የቀጠቀጠው እዚያው ነው። ሦስቱም ዛሬ ማንም ይደርስባቸዋል ተብሎ የማይታሰቡ ቁጥሮችን ትተው አልፈዋል።

ቁጥሮቹ የማይደረስባቸው የሆኑበት ምክንያት ግን የተለያየ ነው። አንዱን የዘጋው የሥራ ልማድ መለወጥ ነው። ሌላውን የሚጠብቀው የዕድል ስሌት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሰማንያ ዓመት ገደማ ከመዝገብ ውጭ ቆይቶ በፍትሕ በር የገባ ነው። የማይሰበር የሚባል ክብረ ወሰን በቅርብ ሲያዩት ስለ ባለቤቱ ክንድ ከሚናገረው ይልቅ ስለኖረበት ዘመን የሚናገረው ይበዛል፤ የዚህ ሐተታ ዋና ነገርም ይኸው ነው።

ቤዝቦል ለአገራችን አንባቢ የቅርብ ጨዋታ ስላልሆነ ነገሩን በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሁለት ቡድኖች፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው፣ ዘጠኝ ዙር ይጫወታሉ። የአንዱ ቡድን ወርዋሪ ኳሷን በኃይልና በብልሃት ይወረውራል፤ የሌላው መቺ በዱላ ሊመታት ይሞክራል። በሜዳው ላይ ቤዝ የሚባሉ አራት ማረፊያዎች አሉ። መቺው ኳሷን መትቶ፣ ተከላካዮች ሳይቀድሙት፣ በደኅና ቤዝ ከደረሰ አንድ «ሂት» ይመዘገብለታል። አራቱንም ዞሮ ሲመለስ ለቡድኑ ነጥብ ያስገኛል። ጨዋታው በውድቀት የተሞላ ነው፤ ከ10 ሙከራ በ3ቱ የተሳካለት መቺ ጎበዝ ይባላል። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ በልቡ ይያዘው።

እኛ ክብረ ወሰን የሚለውን ቃል የለመድነው ከሩጫ ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 የ5,000 ሜትር፣ በ2005 ደግሞ የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ ብዙዎቻችን የሚደርስበት የለም ብለን ነበር። ሁለቱም አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይተው በ2020 በኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ተሻሻሉ። አዘንን፤ ነገር ግን ነገሩ ከሥርዓት የወጣ አልመሰለንም። መሙ ዛሬም 400 ሜትር ነው፤ 10,000 ሜትር ዛሬም 25 ዙር ነው። የትናንቱ ሯጭና የዛሬው ሯጭ የሚለኩበት ገመድ አንድ ስለሆነ ክብረ ወሰን እንዲሰበር የተቀመጠ ነገር ነው።

በቤዝቦል ሜዳው እንዳለ ቢቆይም ሥራው ተለውጧል። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይላሉ አባቶቻችን። ጊዜ የነሣው ደግሞ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ከድንጋዩ አጠገብ እንኳ አይደርስም።

የአንድ ሰው ሸክም

ዴንተን ያንግ የኦሃዮ ገበሬ ልጅ ነበር። አወራወሩን ያዩ ሰዎች ከአውሎ ነፋስ ጋር አመሳስለው «ሳይክሎን» አሉት፤ ስሙ አጥሮ ሳይ ያንግ ሆነ። ከ1890 እስከ 1911 በተጫወተባቸው 22 የውድድር ዘመናት 511 ጨዋታዎችን አሸንፏል። ሁለተኛው ከላይ ያነሣነው ዋልተር ጆንሰን ሲሆን ድሎቹ 417 ናቸው። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት ብቻ 94 ነው።

511 የሚለው ቁጥር ምን ያህል እንደሚርቅ ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። ዛሬ አንድ ጀማሪ ወርዋሪ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚከፍት ወርዋሪ፣ በየአምስት ወይም በየስድስት ቀኑ አንድ ጊዜ ስለሚወረውር በዓመት የሚሰለፈው 33 ጊዜ ቢበዛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንድም ሳይሸነፍ፣ አንድም ሳይታመም፣ የጀመረውን ጨዋታ ሁሉ ቢያሸንፍ እንኳ 511 ለመድረስ አሥራ አምስት ዓመት ተኩል ይፈጅበታል። በየዓመቱ 25 ጨዋታ የሚያሸንፍ ድንቅ ወርዋሪ ቢገኝና ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይደክም ቢዘልቅ ደግሞ 500 ላይ ይቆምና 11 ይጎድለዋል። በአንድ ዓመት 25 ድል ማግኘት በራሱ ከ1990 ወዲህ ያልታየ ነገር ነው።

ያንግ ይህን ማድረግ የቻለው በዘመኑ ወርዋሪ ማለት የጀመረውን የሚጨርስ ሠራተኛ ስለነበር ነው። 815 ጊዜ ጀማሪ ወርዋሪ ሆኖ ገብቶ 749ኙን ጨዋታ ተተኪ ሳይጠራለት ራሱ ጨርሷል። ወጣቱ የዛሬ ተመልካች ከ511 ይበልጥ በዚህኛው ቁጥር ሊደነቅ ይገባዋል። በ2023ም ሆነ በ2024 የዋናው ሊግ 30 ቡድኖች ወርዋሪዎች በሙሉ ተደምረው በአንድ ዓመት የጨረሷቸው ጨዋታዎች 40 እንኳ አልሞሉም። በየዓመቱ 2,430 ጨዋታ በሚካሄድበት ሊግ ማለት ነው። ያንግ ብቻውን የጨረሰውን ለመጨረስ የዛሬው ሊግ በሙሉ ሃያ ዓመት ያህል ያስፈልገዋል።

ለውጡ የመጣው በስንፍና አይደለም። የዛሬ ወርዋሪ እያንዳንዷን ኳስ በሙሉ ኃይሉ ይወረውራል፤ ከፊቱ የሚቆሙት መቺዎችም ከመጀመሪያው እስከ ዘጠነኛው ጉልበተኞች ናቸው። አንድ መቺ በአንድ ጨዋታ ያንኑ ወርዋሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኘው ዘዴውን ስለሚለምደው የመምታት ዕድሉ ይጨምራል። ይህን ቁጥር አስልተው የደረሱበት ክለቦች ወርዋሪያቸውን ቀድመው ያስወጣሉ። ክርንም አለ። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 የወርዋሪው የቶሚ ጆንን የተበጠሰ የክርን ጅማት በቀዶ ሕክምና ከተኩ ወዲህ ብዙ ወርዋሪዎች በዚያ ቢላዋ ሥር አልፈዋል፤ ክንዱ የሚችለው የተወሰነ መሆኑንም ሁሉም አምኖ ተቀብሏል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው ብሂላችን የሁለቱን ዘመናት ልዩነት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገረዋል። ያንግ ሸክሙን ብቻውን የተሸከመ ሰው ነበር። ዛሬ አንድን ጨዋታ አራት አምስት ወርዋሪዎች ይከፋፈሉታል፤ ድሉም ሲከፋፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ያንሳል። 300 ድል የደረሰ የመጨረሻው ወርዋሪ ራንዲ ጆንሰን ነው። የተሳካለትም በዚችው በዋሽንግተን፣ በናሽናልስ ፓርክ ስታዲየም፣ ጁን 4 ቀን 2009 ነበር፤ ዕድሜው 45 ደርሶ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው 300ን አልነካም። የያንግን 511 ማሰብ ቀርቶ 300 ራሱ የሩቅ ተራራ ሆኗል።

በዚህ በሥራ ለውጥ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ሌሎችም ቁጥሮች አሉ። ጃክ ቼስብሮ በ1904 በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ 41 ጨዋታ አሸንፏል፤ የዛሬ ወርዋሪ በዓመት ከሚሰለፍባቸው ጨዋታዎች ሁሉ ይበልጣል። ኮኒ ማክ ከ1901 እስከ 1950 ድረስ ለሃምሳ ዓመት የፊላደልፊያ አትሌቲክስን መርቶ በአሠልጣኝነት ዘመኑ በጠቅላላው 3,731 ጨዋታ አሸንፏል። ማክ የክለቡ ባለቤትም ስለነበር ቡድኑ ለዓመታት ሲሸነፍ የሚያሰናብተው አካል አልነበረም። አንድ ዓመት ሲከፋ አሠልጣኝ በሚለወጥበት በዛሬው ዓለም ይህ ወንበር የለም። ወንበሩ ከሌለ የሚቀመጥበትም አይኖርም።

ስሌት የሚጠብቀው

የዲማጂዮ ነገር ሌላ ነው። እዚህ ላይ ሥራው አልተለወጠም፤ መቺ ዛሬም በጨዋታ አራት ጊዜ ያህል ዱላ ይዞ ይቆማል። ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገቡ በአሥረኛው ቀን፣ ማለትም ሜይ 15 ቀን 1941፣ የ26 ዓመቱ ጆ ዲማጂዮ በኒውዮርክ አንድ ሂት መታ። በማግስቱም መታ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ባዶ እጁን ከሜዳ የወጣበት ቀን አልነበረም።

ጁን 29 ቀን ያንኪስ በግሪፊዝ ስታዲየም በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ነበረው። ጆርጅ ሲስለር በ1922 ያስመዘገበው 41 ተከታታይ ጨዋታ የዘመናዊው ሊግ ክብረ ወሰን ነበር። ዲማጂዮ በመጀመሪያው ጨዋታ መትቶ 41 ላይ ደረሰ። በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ግን የሚወደው ዱላው ተሰረቀ። መቺና ዱላ እንዴት እንደሚላመዱ የሚያውቅ ሰው የዚያን ሰዓት ጭንቀት ይረዳዋል። ዲማጂዮ ከቡድን ጓደኛው ከቶሚ ሄንሪክ ዱላ ተቀብሎ ገባና በሰባተኛው ዙር መታ፤ 42። ዛሬ የሆስፒታሉ አልጋዎች በተዘረጉበት መሬት ላይ ማለት ነው።

ከዚያም ዊሊ ኪለር በ1897 ያስመዘገበውን 44 አልፎ ሄደ። ጁላይ 17 ቀን በክሊቭላንድ 67,468 ሰው በተሰበሰበበት ስታዲየም የተጋጣሚው ተከላካይ ኬን ኬልትነር ሁለት ጊዜ በጠንካራ የተመቱ ኳሶችን አስደናቂ በሆነ መንገድ ይዞ አስቀረበት። ጉዞው በ56 ቆመ። ዲማጂዮ በቀጣዩ ቀን ሌላ ጉዞ ጀምሮ 16 ጨዋታ አከታተለ፤ ከ73 ጨዋታዎች በ72ቱ መታ ማለት ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። ከ1,000 ሙከራ 350 የሚሳካለት እጅግ ድንቅ መቺ በየጨዋታው አራት ጊዜ ቢሞክር ቢያንስ አንድ ሂት የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 82 ያህል ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ይመስላል። 56 ጊዜ ሳይቋረጥ ይደገም ሲባል ግን ወደ 60 ሺህ ከሚጠጉ ሙከራዎች አንዱ ብቻ የሚደርስበት ይሆናል። ከ1,000 ሙከራ 300 የሚሳካለት፣ ማለትም በዛሬው ሊግ ከምርጦቹ ተርታ የሚሰለፍ መቺ ከሆነ ደግሞ ዕድሉ ወደ አምስት ሚሊዮን ከሚጠጋው አንዱ ነው። ቀደም ሲል አንባቢ በልቡ ይያዘው ያልነው የውድቀት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል፤ ዘወትር በሚወድቁበት ሥራ ውስጥ ለሁለት ወር አንድም ቀን ሙሉ በሙሉ አለመውደቅ ነው የተባለው።

የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዋርድ ፐርሰል የቤዝቦልን የድልና የሽንፈት ተከታታይ ጉዞዎች ሲመረምሩ ሁሉም በዕድል ሕግ ሊገለጹ የሚችሉ ሆነው አገኟቸው፤ ከአንዱ በቀር። ያ አንዱ የዲማጂዮ 56 ነው። ይህን ለሕዝብ ያስተዋወቁት የሃርቫርዱ ሊቅ ስቲቨን ጄይ ጉልድ ነበሩ። ከዲማጂዮ በኋላ እጅግ የቀረበው ፒት ሮዝ ነው፤ በ1978 44 ላይ ቆሟል። 44 ትልቅ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ሮዝ በዚያ ላይ ሌላ 12 ጨዋታ ያስፈልገው ነበር።

ይህኛው ክብረ ወሰን አይሰበርም ስንል ታዲያ ሳይ ያንግን በተናገርንበት ልብ ልንናገር አንችልም። የያንግ በር ተቆልፏል፤ ቁልፉም ጠፍቷል። የዲማጂዮ በር ክፍት ነው፤ መንገዱ ግን እጅግ ቀጭን ነው። የአንድ ልጅ ዱላና ዕድል በአንድ ክረምት ከተገናኙ ነገ ሊሆን ይችላል። ጆኒ ቫንደር ሚር ያደረገውም ከዚሁ ወገን ነው። ይህ ወጣት ወርዋሪ በጁን 1938፣ በአራት ቀን ልዩነት፣ ሁለት ተከታታይ ጨዋታዎችን አንድም ሂት ሳያስመታ ጨርሷል። ያንን ለመስበር ሦስት ማከታተል ያስፈልጋል። ሊሆን አይችልም የሚል ሕግ የለም፤ የሚያይ ሰው ግን ይገኛል ብዬ አላምንም።

የታታሪነት ዋጋ

ሌላም ዓይነት ክብረ ወሰን አለ። እሱን የሚጠብቀው የሰው ፈቃድ ነው። የያንኪሱ ሉ ጌሪግ 2,130 ጨዋታዎችን አንድም ሳይቀር ተሰልፎ በሜይ 1939 በሽታ አስቆመው። በጁን 2 ቀን 1941፣ የቀድሞ ጓደኛው ዲማጂዮ ጉዞውን ገና በጀመረበት ወቅት፣ በ37 ዓመቱ አረፈ። ቁጥሩ ከሞቱ ጋር ስለተያያዘ እንደ መታሰቢያ ሐውልት ይታይ ነበር፤ ሊነካው የሚችል አለ ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው።

ከዋሽንግተን ብዙም በማትርቀው በባልቲሞር ግን ካል ሪፕከን የሚባል ተጫዋች በሜይ 30 ቀን 1982 የጀመረውን መሰለፍ አላቆመም። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1995 2,131ኛ ጨዋታው ሲጸድቅ ሕዝቡ ቆሞ 22 ደቂቃ ሙሉ አጨበጨበ፤ ጨዋታው ቆመ። በዚያ ምሽት ከተገኙት እንግዶች አንዱ አረጋዊው ጆ ዲማጂዮ ነበር። የራሱ ቁጥር ያልተነካበት ሰው የጓደኛው የጌሪግ ቁጥር ሲታለፍ በዓይኑ አየ፤ ስለ ጌሪግም ለሕዝቡ ተናገረ። ከቤዝቦል ታሪክ ውስጥ ስለ ክብረ ወሰን ምንነት ከዚህ ምሽት በላይ የሚያስተምር ያለ አይመስለኝም። አይሰበርም የተባለው ተሰበረ፤ የሰበረውም ከሌላው የፈጠነ ወይም የበረታ ሰው አልነበረም። በየቀኑ ሥራው ላይ የተገኘ ሰው ነበር።

ሪፕከን በሴፕቴምበር 1998 በራሱ ፈቃድ ሲያርፍ ቁጥሩ 2,632 ደርሶ ነበር። አሁን ባለው የ162 ጨዋታ ዓመት ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ አንድም ቀን አለመቅረትን ይጠይቃል። የዛሬዎቹ ክለቦች ግን ተጫዋችን ማሳረፍ ጥበብ ነው ብለው ያምናሉ፤ ዕረፍት ጉዳትን እንደሚቀንስ ሐኪሞቻቸው ይመክሯቸዋል። ስለዚህ ክብረ ወሰኑን የሚጠብቀው አስተሳሰብ ነው። ችሎታው ያለው ሰው ቢገኝ እንኳ የሚፈቅድለት አሠልጣኝ ላይገኝ ይችላል።

ሪኪ ሄንደርሰንና ኖላን ራያንም የታታሪነት ልጆች ናቸው። ሜይ 1 ቀን 1991 ሄንደርሰን 939ኛ ቤዙን ሰርቆ፣ ማለትም ወርዋሪው ሳይዘጋጅ በሩጫ ቀድሞ ቀጣዩ ማረፊያ ላይ ደርሶ፣ የሉ ብሮክን ክብረ ወሰን አለፈ። በዚያው ዕለት ምሽት የ44 ዓመቱ ራያን ሂት ያላስመታበትን ሰባተኛ ጨዋታውን ጨረሰ። ሄንደርሰን በመጨረሻ 1,406 ላይ ቆመ፤ ሁለተኛው ብሮክ 938 ነው። ለሃያ ዓመት በየዓመቱ 70 ቤዝ የሚሰርቅ ሯጭ ቢወለድ 1,400 ይደርስና ስድስት ይጎድለዋል። ራያን ደግሞ በ27 የውድድር ዘመን 5,714 መቺዎችን ሳያስመታ መልሷል።

ሆኖም በሄንደርሰን ጉዳይ ላይ ጊዜ በሩን ገርበብ አድርጎ ከፍቶታል። በ2023 ሊጉ የቤዞቹን ጎን ከ38 ወደ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ አሳደገ፤ ወርዋሪው ሯጩን ለማስፈራራት የሚሞክርበትንም ቁጥር ገደበ። በአንድ ዓመት ውስጥ የተሰረቁት ቤዞች ከ2,486 ወደ 3,503 ዘለሉ። እግር በአንድ ዓመት አይፈጥንም፤ የተለወጠው ደንቡ ነው። ደንብ የዘጋውን ደንብ ይከፍታል። ስለዚህ «መቼም አይሰበርም» የሚል ሰው በዛሬው ደንብ እየማለ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

የተናጋሪዎችን አፍ የዘጉ ምሳሌዎችም ሞልተዋል። ጆርጅ ሲስለር በ1920 በአንድ ዓመት 257 ሂት ሲመታ ቁጥሩ 84 ዓመት ቆየ። በ2004 ከጃፓን የመጣው ኢቺሮ ሱዙኪ 262 መታ። ቤብ ሩዝ 714 ሆም ራን፣ ማለትም መቺውን በአንድ ምት አራቱንም ቤዝ የሚያዞር ምት፣ መትቶ ሲያበቃ ይህን የሚደርስበት የለም ተባለ። በኤፕሪል 8 ቀን 1974 ሄንሪ አሮን 715ኛውን መታ። አሮን ጥቁር አሜሪካዊ በመሆኑ ወደዚያ ቁጥር ሲቃረብ የዘለፋና የግድያ ዛቻ ደብዳቤ ሲጎርፍለት ነበር። አንዳንድ ሰዎች ክብረ ወሰኑን የማይሰበር ሊያደርጉት የፈለጉት ለሌላ ምክንያት እንደነበር ከዚህ ይታያል።

መዝገቡ ሲከፈት

አሮን የሙያ ሕይወቱን የጀመረው በጥቁሮቹ ሊግ፣ በኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት ግን ወደ ዋናው ሊግ የሚያሻግር ድልድይ አላገኙም። ከነዚህ ውስጥ ጆሽ ጊብሰን ዋነኛው ነው። ሆምስቴድ ግሬይስ ፒትስበርግ አጠገብ የተመሠረተ ክለብ ቢሆንም በ1940ዎቹ ብዙ ጨዋታዎቹን በግሪፊዝ ስታዲየም ያደርግ ነበር። የስታዲየሙ ባለቤት ክለብ ሜዳውን ያከራየው ነበር፤ ጊብሰንን ግን አያሰልፈውም። ጊብሰን ጃንዋሪ 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። ጃኪ ሮቢንሰን የቀለሙን ግድግዳ አልፎ ለብሩክሊን ዶጀርስ የተሰለፈው ከዚያ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ኤፕሪል 15 ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። ታይ ካብ በ1928 ከጨዋታ ሲወጣ በሕይወት ዘመን አማካይ ከ1,000 ሙከራ 367 ያህሉ የተሳካለት መቺ ነበር። ዘጠና ስድስት ዓመት ሙሉ አንደኛ ሆኖ ቆየ። ከዘመናዊዎቹ መቺዎች አጠገቡ የሚደርስ ስለሌለ፣ አይሰበርም ከተባሉት ክብረ ወሰኖች ሁሉ በእርግጠኝነት የሚጠቀስ ነበር። በሜይ 2024 ግን ተሰበረ። ያን ቀን አንድም መቺ ዱላ አላነሣም። የሊጉ አስተዳደር ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ሰባት የጥቁሮች ሊጎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር ሲያዋህድ ጊብሰን በ372 አንደኛ ሆነ፤ በአንድ የውድድር ዘመን ደግሞ በ1943 ያስመዘገበው 466 ከሁሉም በላይ ተቀመጠ።

ይህን የሚቃወሙ ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸውም ሊሰማ ይገባል። የጥቁሮቹ ሊጎች የጨዋታ ብዛት ያነሰ ነበር፣ በጥቂት ጨዋታ ደግሞ ከፍ ያለ አማካይ መያዝ ይቀልላል ይላሉ። በስታቲስቲክስ ዓይን እውነት አላቸው። ነገር ግን ጨዋታው ለምን አነሰ? ተጫዋቾቹ ከዋናው ሊግ ስለተከለከሉ አይደለምን? ያነሰውን ያሳነሰው አካል ማነሱን እንደ ምክንያት ቢያቀርብ ፍትሕ አይሆንም። ደግሞስ የካብ ቁጥር ንጹሕ ነበር ማለት እንችላለን? ካብ በሕይወቱ ሙሉ ሲመታ በዘመኑ ከነበሩት ምርጥ ጥቁር ወርዋሪዎች አንዱንም በሊግ ጨዋታ እንዳይገጥም ያደረገ ግድግዳ ከበስተኋላው ቆሞለት ነበር። ግድግዳው የጊብሰንን ቁጥር እንዳሳጠረ ሁሉ የካብንም ቁጥር አግዟል። ሁለቱም የዘመናቸው ልጆች ናቸው።

ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው ክብረ ወሰን ታሪክ ይህ ነው። ሳይ ያንግን ጊዜ ቆለፈለት፤ ዲማጂዮን ስሌት ጠበቀለት፤ ሪፕከንን ፈቃዱ አደረሰው። የጊብሰን ቁጥር ግን በሰዎች ትጋት ከጨለማ ወጣ። የድሮ የጥቁሮች ጋዜጦችን እያገላበጡ፣ የአንድን ከሰዓት ጨዋታ ውጤት ከሌላው እየለዩ፣ ለዓመታት የደከሙ ተመራማሪዎች ባይኖሩ ኖሮ ሊጉ የሚያዋህደው ነገር ባላገኘ ነበር። ሜዳው ፈርሶ ሆስፒታል ሆኗል፤ ያየውም ሕዝብ አልፏል። የቀረው ጋዜጣ ላይ የተጻፈው ነው።

ዛሬ ናሽናልስ ፓርክ ስታዲየም ደጃፍ የዋልተር ጆንሰንም የጆሽ ጊብሰንም ሐውልት ቆሟል። በዋሽንግተን ያደገ የኢትዮጵያዊ ልጅ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ጨዋታ ሊያይ ሲሄድ በሁለቱ አጠገብ ያልፋል። አንደኛው 417 ጨዋታ ያሸነፈ ነጭ ወርዋሪ ነው፤ ሁለተኛው ከ1,000 ሙከራ 372 የተሳካለት ጥቁር መቺ ነው። ሁለቱም በአንድ ሣር ላይ ተጫውተዋል፤ ለብዙ ዓመት ግን በአንድ መዝገብ ውስጥ አልነበሩም። ልጁ ከወላጆቹ አንዱን «ከሁለቱ ማን ይበልጣል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከመልሱ በፊት እያንዳንዳቸው ምን ዓይነት ሥራ፣ በምን ዓይነት ደንብ፣ ከእነማን ጋር እንዲሠሩ እንደተፈቀደላቸው ሊነግሩት ይገባል። ያን ከሰማ በኋላ ቁጥሮቹን ራሱ ማንበብ ይችላል።